ስቶንች የተባለችው ጀልባ

ታማኝ ሰው ማለት እሺ የሚል ሰው ነው ይባላል። አይደለም። እሺ የሚል ሰው እሺ የሚል ሰው ነው፤ ሌላ ማዕረግ አይገባውም። እኔ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እሺ እንዳልኩ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ እንኳን አደራ ሊሰጠኝ ድመቱን ለግማሽ ቀን ጠብቅልኝ አይለኝም። እሺታ እንደ ማስነጠስ ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ከሰው ይወጣል። ስላስነጠሰ የተሾመ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሺ ስላለ የተሾመ ግን አንድ ቀበሌ ሙሉ አውቃለሁ።

ይህን ጥበብ ከመጻሕፍት አገኘሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። መጽሐፍ አላነሰኝም፤ ቤቴ ውስጥ አልጋዬና መጻሕፍቴ ለቦታ ሲጣሉ ሁልጊዜ የሚሸነፈው አልጋው ነው። ግን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ያገኘሁት ሐይቅ መካከል፣ ውሃ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ፣ ባዶ የቲማቲም ጣሳ በእጄ ይዤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ሐዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት። ደርግ ፓርቲ ሊመሠርት ሽር ጉድ የሚልበት፣ ከተማው ሁሉ ቀይ ጨርቅ የለበሰበት ጊዜ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ደመወዜ ልክ እንደ ሰው ቁመት አንዴ ካቆመ የማይጨምር ነበር፤ ክብሬ ግን ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም በከተማው ውስጥ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የእኔ ነበር። አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ አገር መምህር በሦስት ሸሚዝና በአንድ ጥሩ ጋቢ ለውጬ ያገኘሁት ነው። ክብደቱ የበግ ግልገል ያህላል። ብብቴ ሥር ይዤው ከመናኸሪያ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰዎች ከእኔ በፊት እሱን እጅ የሚነሱ ይመስለኝ ነበር። ውስጡ ያለውን ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል። መጽሐፍ መሸከም ማወቅ ቢሆን፣ ጤፍ ወደ ወፍጮ ቤት የምታመላልሰው አህያ ባለሙያ ጋጋሪ በሆነች ነበር። እኔ ግን አላስተባበልኩም። ሰው ስለ አንተ መልካም ሲሳሳት ማረም የሞኝ ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር።

አንድ ረቡዕ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ሺበሺ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገባ። ካኪ ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። በዚያ ሙቀት እንደዚያ መቆለፍ ራሱ አንድ ዓይነት ጽናት ነው።

«ጓድ መምህር፣ አንድ ቃል እፈልጋለሁ» አለኝ።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ። ቀለሙ የሚበቃው ለአንድ ቃል ነው።»

ለካ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር በሐይቁ ላይ ከነበሩት ሁሉ የምትበልጥ ጀልባ እያሠራ ነው። ቅዳሜ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሁለት እንግዶች ይመጣሉ፤ ጀልባዋ እነሱን ይዛ ትመረቃለች፤ ጎኗ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስም ሊጻፍባት ተወስኗል። ስሙ ለወዳጅ ታማኝ፣ ለጠላት አይበገሬ ማለት አለበት። ሁለቱንም፣ በአንድ ቃል።

መዝገበ ቃላቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መምህራኑ ሻያቸውን አስቀምጠው ቀረቡ።

«ፌይዝፉል» አልኩ።

«ትርጉሙ?»

«ታማኝ፣ አማኝ።»

«አማኝ? ጸሎት ቤቶቹን ያሸግነው ጀልባ ላይ ልንጽፋቸው ነው? እለፈው።»

«ፓርቲዛን።»

«እህ! ይሄ ጥሩ ነው። ፓርቲ አለበት።»

«አለበት፤ ለወገኑ ሟች ማለት ነው። ግን ደግሞ ጫካ ገብቶ መንግሥትን የሚዋጋ ሰውም…»

«ዝጋው» አለኝ።

«ቃሉን?»

«መጽሐፉን!»

ዘጋሁት። በሩን አየት አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀስ ብለህ ክፈተውና ሌላ ገጽ አሳየኝ» አለኝ። ዳይሃርድ የሚለውን አሳየሁት፤ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ የሚታገል ማለት ነው አልኩት። እንግዳ የምናሳፍርበት ጀልባ ላይ ሞት የሚል ነገር ልትጽፍ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል ልክ ነበረ።

በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን ስገልጥ፣ ስቶንች የሚለው ቃል ላይ ደረስኩ። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ቃል ነው። ትርጉሙ በወዳጅነቱ የጸና፣ ቢገፉት የማይነቃነቅ። ጓድ ሺበሺ የጠየቀው ልክ ይኸው ነው። ግን ከሥሩ ሌላ፣ የቆየ ትርጉም ነበረው፤ ስለ መርከብና ስለ ጀልባ ሲነገር ውሃ የማያስገባ ማለት ነው። ከዚያም ሥር ሌላ፤ የሚፈስ ደም ማቆም።

እኔ ሽሙጥ የምወድ ሰው ነኝ፤ በቀላሉ አልደነቅም። ያን ቀን ግን ጣቴን ገጹ ላይ እንደጣልኩ ቀረሁ። እንግሊዞች ሰውን ታማኝ ነህ ሊሉት ሲፈልጉ የሄዱት ወደ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ወደ ጀልባ ሠሪ ነው! ታማኝ ያሉት የሚያጎነብሰውን አይደለም፤ የማያስገባውን ነው። አጠቃቀሙንም አየሁ። ወዳጅ፣ ደጋፊ፣ ተከራካሪ ስቶንች ይባላል፤ ስቶንች አለቃ የሚል ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም። ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ አስተዋይ ነው።

ለጓድ ሺበሺ የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። «ታማኝና አይበገሬ ማለት ነው» አልኩት። «ሌላ ትርጉም?» አለኝ በጥርጣሬ። «የለውም» አልኩ። ጫካ የሚለው ነገር እስካልነካው ድረስ ሌላው ምን ያደርግለታል?

ሐሙስ ፊደሎቹን ልጽፍ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጀልባዋ በርሜሎች ላይ ተቀምጣ ታበራለች፤ ቀይ ቀለሟ ገና አልደረቀም። ሥሯ በጀርባው ተጋድሞ የጣውላ መጋጠሚያ በጨርቅና በሬንጅ የሚደፍን ሰው ነበር። አቶ ላላሞ ነው፤ የሠራት እሱ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ የሲዳማ ሰው፣ ቃል የሚቆጥብ። የጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ሰንበትንም ከጀልባዎቹ ጋር ነው የሚያሳልፈው ይባላል። ስለ እሱ የሚታወቅ ሌላም ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እየወረወረ መፈክር ሲያሰማ፣ የአቶ ላላሞ ግራ እጅ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። አንዴ መሮ ይዟል፣ አንዴ የጨርቅ ድብልብል ይዟል። ለምን ሲባል «እጄ ተይዟል» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እጁ ተይዞ የቆየ ሰው ነበር።

ፊደሎቹን ጽፌ ስጨርስ ከሥር ወጥቶ ቆሞ አያቸው።

«ምን ይላል፣ መምህር?»

ለካድሬው ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ቃሉ የእሱ ሙያ ስለነበረ።

«ውሃ አታስገባም ነው የሚለው?»

«አዎ፤ ታማኝም ማለት ነው።»

«ያው ነው» አለኝ፣ ለመስማማት እንኳን ጊዜ ሳያጠፋ። እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ የተደነቅሁበትን ነገር! ከዚያ ጣውላውን መታ መታ አደረገና «አሁን ግን ውሸት ነው። ሦስት ቀን ይቀራታል» አለ።

«ልፋቀው?»

«ለምን? ተወው። ሦስት ቀን ቆይቶ እውነት ይሆናል።»

ዓርብ ስብሰባ ተጠራ። ዓሣ የሚመዘንበት ዳስ ውስጥ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም፤ ነገር ግን ጽሕፈቴ ስለሚያምር የከተማው ቃለ ጉባኤ ሁሉ ጸሐፊ ነበርኩ። ቆንጆ ጽሕፈት ያለው ሰው በዚያ ዘመን ስንት የማይመለከተው ነገር ላይ ተገኝቷል!

«ጓዶች፣» አለ ጓድ ሺበሺ፣ «ጀልባዋ ተጠናቃለች። አቶ ላላሞ፣ ለቤቱ ያረጋግጡ።»

«ሦስት ቀን ይቀራታል።»

«ምን ቀራት? ጣውላው አለ። ሚስማሩ አለ። ቀለሙ አለ።»

«መስመጥ ይቀራታል።»

ደጅ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ የዓሣ አንጀት ሲውጥ ተሰማ።

«ምን አሉ?»

«ድንጋይ ጭነን ዳሩ ላይ እናሰምጣታለን። ሦስት ቀን ውሃ ትጠጣለች። እንጨት ሲጠጣ ያብጣል፤ መጋጠሚያው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ አታስገባም። ጀልባ ሁሉ እንዲህ ነው።»

«እንዳትሰምጥ እናስምጣት ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«በሕዝብ ጀልባ ላይ ድንጋይ ጭነን?»

«ከበድ ያለ ቢሆን ይሻላል» አለ አቶ ላላሞ፣ እንደተግባቡ መስሎት።

አስጋሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም ሕይወታቸውን በጀልባ ያሳለፉ ናቸው፤ የሰውየው ቃል እውነት መሆኑን ልጆቻቸው እንኳን ያውቃሉ። ጓድ ሺበሺ ግን ከተራራማ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና በጣሳ ነበር።

«ጓዶች፣ ይህ ነገር ስም አለው» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዳ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው የሕዝብን ንብረት እናስምጥ ማለት አሻጥር ይባላል። ዛሬ በትዕግሥት አልፈዋለሁ። ነገ ግን ጀልባዋ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው የሠራት ሰው ነው። ጸሐፊ፣ ያዝ!»

ያዝኩ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል የወደቀበት ሰው ምሳው ከቤት የሚላክለት ወደ እስር ቤት ነበር፤ እድለኛ ከሆነ። ይህን በዳሱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«እንግዲህ ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ተጠናቃለች፣ የማስመጡ ሐሳብም ውድቅ ተደርጓል የምትሉ!»

እጆች ተነሡ። አስቡት፤ ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ ጀልባ ውሃ እንዳታስገባ በድምፅ ብልጫ ሲወስን! ጣውላው ውሳኔውን እንደሚያከብር ተስፋ አድርገን ነው። እኔ አንድ እጄ በእስክሪብቶ ተይዞ ነበር፤ ሌላውን ለማንሳት ግን ማንም አልቀደመኝም። የማኅበሩ አባል አለመሆኔ ትዝ ያለኝ ካወረድኩት በኋላ ነው።

«ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ?» አለ ጓድ ሺበሺ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «የለም። በሙሉ ድምፅ!»

ነበረ። የአቶ ላላሞ እጆች ጉልበቶቹ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም። ያን ቀን መሮም፣ ጨርቅም አልያዙም። በሕይወቴ እንደዚያ ባዶ፣ እንደዚያ ጸጥ ያለ እጅ አላየሁም። ሌላው ሁሉ ወደ ፊት ሲያይ እኔ ብቻ ወደ እሱ አየሁ፤ እሱም እኔን አየኝ፤ ማየቴን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በሚያምረው ጽሕፈቴ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፌ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ፣ ስቶንች ያለበት ገጽ ላይ ሰካሁት። ሆነ ብዬ አይደለም፤ መጽሐፉ እዚያ ጋ መከፈት ለምዶ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ነበር። ታቦር ተራራ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። ሕዝቡ ተሰልፏል፤ ጀልባዋ ስትሄድ እንዲያጨበጭብ፣ ስትመለስም እንዲያጨበጭብ ተነግሮታል። ከሁለቱ እንግዶች አንዱ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሌላው አጭርና ባለ ማስታወሻ ደብተር ነበር። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ያንሳል፤ በዚያ ቀን ደስ ያለኝ ብቸኛው ነገር ይኼ ነው። ጓድ ሺበሺ፣ እኔ አስተርጓሚው ከነመዝገበ ቃላቴ፣ አንድ ፎቶ አንሺና አንድ ቀዛፊ ተሳፈርን። አፍንጫዋ ላይ «ሐይቁም ለሕዝብ ይገዛል!» የሚል ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል።

ገፍተው ሊያስለቅቁን ሲሉ አቶ ላላሞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወደ ውሃው ገባ። በአንድ እጁ ሦስት ባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ በሌላው የጨርቅ ድብልብል ይዟል። ቀዛፊውን በሲዳምኛ አንድ ነገር አለው፤ ቀዛፊው ያለ ክርክር ወረደ፤ እንደውም ቸኮለ። አቶ ላላሞ ቦታውን ያዘ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለ ጓድ ሺበሺ። ከዓርቡ ስብሰባ ወዲህ እርስዎ ቀርቷል።

«ጀልባዋ» አለ አቶ ላላሞ፤ መቅዘፍም ጀመረ።

ሐይቁ መካከል እስክንደርስ ምንም የለም። ጓድ ሺበሺ ተነሥቶ ቆመና ንግግር ጀመረ። ጀልባዋ የአይበገሬነታችን ምልክት መሆኗን ተናግሮ እኔ ስተረጉም፣ አጭሩ እንግዳ ጫማውን አነሳና አየው። ከጫማው ውሃ ፈሰሰ። አንድ ነገር አለኝ።

«ምን ይላል?» አለ ጓድ ሺበሺ።

«ጀልባዋ… አሪፍ ናት ይላል።»

«ንገረው፣ የሕዝባችን ላብ ናት።»

ለእንግዳው «ይህ የሕዝባችን ላብ ነው» አልኩት። እግሩ ሥር ያለውን ውሃ አየ፤ እኔን አየ፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ዛሬም አንድ ሩቅ አገር ውስጥ ይህ ነገር ተጽፎ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ውሃው ንግግሩን አልጠበቀም። በየመጋጠሚያው እንደ ምንጭ ገባ። ጓድ ሺበሺ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ፤ የተቀመጠበትም እርጥብ ነበር። እኔ ዋና አልችልም። አሥር ዓመት ሐይቅ ዳር የኖርኩ፣ ስለ ውቅያኖስ አሳሾች አምስት መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ዋና ግን አልችልም። መዝገበ ቃላቱን ደረቴ ላይ አቀፍኩት፤ እንደ ተንሳፋፊ ሊይዘኝ ሳይሆን፣ ከሰመጥኩ ቶሎ እንዲያደርሰኝ ነበር የሚመስለው።

«መምህር፣» አለ አቶ ላላሞ፣ «መጽሐፉን አስቀምጥ። ቅዳ።»

ጣሳ ሰጠኝ። ለጓድ ሺበሺም ሰጠው፤ ለፎቶ አንሺውም። ረጅሙ እንግዳ ሳይታዘዝ በባርኔጣው መቅዳት ጀመረ። አጭሩን አቶ ላላሞ መቅዘፊያው ላይ አስቀመጠው፤ በምልክት፣ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ። እኔ የቀኑ አስተርጓሚ ስሆን፣ የተግባቡት እነሱ ነበሩ። አቶ ላላሞ ራሱ ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ ጨርቁን በጣቶቹ ስንጥቁ ውስጥ ይጠቀጥቃል። አይቸኩልም። ዝቅ ባለ ድምፅ በሲዳምኛ ያዜማል፤ የሰርግ ዘፈን ይሁን ጸሎት አላውቅም፤ ግን ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የምንቀዳው እኛ ፈጠን እንል ነበር። ጨርቁ አለቀበት። ሸሚዙን አውልቆ ጠቀጠቀው። እሱም አልበቃም። ቀና ብሎ አፍንጫዋ ላይ ያለውን መፈክር አየ። ሁላችንም አየነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጨርቅ የቀደደ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን።

ጓድ ሺበሺ ተነሣ፤ ገመዱን በጥርሱ በጠሰና «እንካ!» አለው።

«ሐይቁም ለሕዝብ ይገዛል!» ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ልንገራችሁ፣ ያ መፈክር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ።

ወገባቸው ድረስ ውሃ የጠጡ ሰዎችን ይዛ ጀልባዋ ዳር ደረሰች። እንደተነገረው ሕዝቡ አጨበጨበ። እኛ እየተንጠባጠብን ስንወርድ ጭብጨባው አላቆመም፤ አቁሙ ያላቸው አልነበረም።

እንግዶቹን ለልብስ ለውጥ ወሰዷቸው። ጓድ ሺበሺ ግን እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ ወደ ዳሱ ገባ፤ አስጋሪዎቹንም ሁለት ባለ ጠመንጃ አብዮት ጠባቂዎችንም አስጠራ። ፍርሃት ሲያልፍ ቦታውን ለቁጣ ነው የሚለቀው።

«ቃለ ጉባኤው!» አለኝ። «ይህ ሰው ጀልባዋ ተጠናቃለች ብሎ ከሁላችንም ጋር እጁን አንስቶ ወስኗል። ወስኖ አሰጠመን። በሙሉ ድምፅ የሚለውን አምጣ፣ ከእሱ ጋር አያይዤ እልከዋለሁ።»

«እኔ እጄን አላነሳሁም» አለ አቶ ላላሞ። ሸሚዝ የለውም፤ ከጣቶቹ ጫፍ ደም ይንጠባጠባል። «መምህር አይቶኛል።»

አልለመነኝም። የተናገረው «ዛሬ ቅዳሜ ነው» እንደሚል ሰው ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ፤ አልተከፈተም። ገጾቹ እንደ እርጥብ ሊጥ ተጣብቀዋል። «ውሃ በልቶታል» አልኩ፤ የእውነትም መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው እንደገና ጻፈው፤ አሁን፣ እዚሁ!» አለኝ፤ ወረቀት ሰጠኝ። ሰውየው ወደ እስር ቤት የሚሄደው በሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱም በእኔ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ አንዴ ጽፌያቸው ስለማውቅ መንገዱን ያውቁታል።

ከዚያ ጻፍኩ፦ «አቶ ላላሞ ጀልባዋ ሦስት ቀን ይቀራታል ብለው ሲያስጠነቅቁ እጃቸውን አላነሱም። የቀረው ሁሉ አንሥቷል። ጸሐፊውም፣ አባል ሳይሆን፣ አንሥቷል።»

ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የሰውየውን የደሙ ጣቶች ከትናንቱ ባዶ እጅ ጋር አንድ ላይ አይቼ ሌላ ነገር መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ጽሕፈቴም ያን ቀን አላማረም።

ጓድ ሺበሺ አነበበው። ደግሞ አነበበው። በሦስተኛው ፊቱ ተለወጠ፤ ገባው። ወረቀቱ ወደ ላይ ከሄደ የሚጠየቀው አስቀድሞ የተናገረው ሰው አይደለም፤ ተነግሮት እንግዶቹን ያሳፈረው ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ጓዶች፣» አለ፣ «ትናንት ስብሰባ አልነበረም። ስብሰባ አልነበረም የምትሉ!»

እጆች ተነሡ። የእኔም ተነሣ፤ ጀግና አይደለሁም ብያችኋለሁ። ሰውየው ተረፈ አልኩ በልቤ፤ ስብሰባ ካልነበረ ውሳኔ የለም፤ ውሳኔ ከሌለ አሻጥር የለም። ለዚህ ውሸት እጅ ማንሳት ለአቶ ላላሞ ነጻ መውጫው ነበር። አንድ እጅ፣ ለአንዲት ቅጽበት!

እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ ነበሩ።

«ስብሰባማ ነበረ» አለ።

ደሜ ቆመ። አብዮት ጠባቂዎቹ እንኳን ወደ ሌላ ቦታ አዩ። ጓድ ሺበሺ ወረቀቱን የከተተበትን ኪስ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ «በሙሉ ድምፅ» አለና፣ ሱሪዬን ልቀይር ብሎ ወጣ። ነገሩ በዚያው ቀረ። የሰማ ሰው መቅጣት ነበረበት፤ ላለመቅጣት አለመስማት ነበረበት፤ እሱም አልሰማም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ላላሞ ጀልባዋ ላይ ድንጋይ ጭኖ ዳሩ ላይ አሰመጣት። ማንም አልከለከለውም። ሦስት ቀን ጠጣች። በአራተኛው ቀን ድንጋዩን አውርዶ፣ ውሃውን ቀድቶ አወጣትና እኔን አስጠርቶ ውስጧን በመዳፉ ዳሰሰ፤ መዳፉን አሳየኝ። ደረቅ ነበር። «አሁን ጽሑፍህ እውነት ነው» አለኝ። እኔ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ያወቅሁት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ወድቆ፣ ካድሬው ጠፍቶ፣ ቀዩ ቀለም ተፍቆ፣ ጀልባዋ ዓሣ ስታመላልስ ኖረች። አንድም ቀን ውሃ አስገባች ሲባል አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። መዝገበ ቃላቱን ቤቴ ወስጄ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ እንደ እንቁራሪት አብጦ ቀረ፤ ገጾቹም አንድ በአንድ ተላቀቁ። ስቶንች ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ የዓርቡ ቃለ ጉባኤ እዚያው ነበር፤ ሙሉ፣ ንጹሕ፣ አንድ ፊደል ያልጠፋበት። ውሃ አልበላውም ነበር። «በሙሉ ድምፅ» ይላል በሚያምር ጽሕፈት። ላጠፋው እጄን አነሳሁና ተውኩት፤ ያደረግሁትን እንዳልረሳ ብዬ። ከዚያ መምህራን ወዲህና ወዲያ በተዛወሩበት ጊዜ፣ አንድ ሰው መዝገበ ቃላቱን ለሁለት ቀን ብሎ ወሰደብኝ። ማን እንደሆነ ረስቻለሁ፤ እሺ ማለቴን ግን አስታውሳለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ አንቺም ልትሆኚ ትችያለሽ። ያበጠ፣ የዓሣ ሽታ ያለው ትልቅ መዝገበ ቃላት ቤታችሁ ካለ መጽሐፉን ውሰዱት፣ የእናንተ ይሁን። ውስጡ ያለውን ወረቀት ግን መልሱልኝ። እዚያ ላይ አንድ ሰው በሕይወቱ ያላነሳውን እጅ በገዛ ጽሕፈቴ አንስቼበታለሁ። ሳልሞት ላውርድለት። መልሱልኝ።